ሞኒተሩ አይነካም

ባለፈው ወር ቡሪየን የምትባል ከተማ ውስጥ ካለ የጆሮ ክሊኒክ አንድ ወረቀት ይዤ ወጣሁ። የሄድኩት በልጄ ግፊት ነው። የአሥራ አራት ዓመቷ ፌቨን መኪና ውስጥ ከኋላዬ ተቀምጣ የሆነ ነገር ትለኛለች፣ «ምን አልሽ?» እላታለሁ፣ ትደግመዋለች፣ እንደገና «ምን አልሽ?» እላታለሁ፣ በሦስተኛው «ኔቨር ማይንድ» ብላ፣ ተይው ማለቷ ነው፣ ወደ ስልኳ ትመለሳለች። በእኔ ቤት ጥፋቱ የእሷ ነበር፤ የዛሬ ልጅ አፉን ከፍቶ አይናገርም እያልኩ ሳማት ከረምኩ። በኋላ ግን ቱክዊላ ያለው መጋዘን ቢሮ ውስጥ አብረውኝ የሚሠሩትም አፋቸውን መክፈት አቃታቸውና፣ የሰው ሁሉ አፍ ባንድ ጊዜ ሊበላሽ አይችልም ብዬ ቀጠሮ ያዝኩ።

የጆሮ ባለሙያዋ ድምፅ የማያስገባ ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጠችኝና ማዳመጫ ጭናልኝ፣ ጢጥ ሲል በሰማሽ ቁጥር ቁልፉን ተጫኚ አለችኝ። እኔም ሳያጠና ፈተና ላይ እንደተቀመጠ ተማሪ የሰማሁትንም ያልሰማሁትንም እየገመትኩ ስጫን ቆየሁ። ሲያልቅ ውጤቴን በወረቀት አውጥታ አሳየችኝ። መስመሩ በግራ በኩል ደልዳላ ሆኖ ይጀምርና ወደ ቀኝ በሄደ ቁጥር ቁልቁል ይወርዳል። ወፍራም ድምፆች ደህና ናቸው፣ ቀጫጭኖቹ ናቸው የሚሸሹሽ፤ መጀመሪያ የሚጠፉት እንደ «ሰ» እና እንደ «ፈ» ያሉት ናቸው አለችኝ። ስሜ ሰናይት ነው፣ የልጄ ስም ፌቨን፤ ለይቶ የመጣብን መሰለኝ። ገና ጅምር ነው፣ መሣሪያ ይደረግልሻል፣ አትጨነቂ ብላ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ።

እኔ አልተጨነቅኩም። መኪና ማቆሚያው ውስጥ ቁጭ ብዬ ወረቀቱን ሳገላብጥ፣ ላዩ ታች፣ ጀርባው ወደ እኔ ሆኖ እጄ ላይ ቀረ፣ መስመሩም በመስኮቱ ብርሃን አሳልፎ ታየኝ፤ ይወርድ የነበረው መስመር አሁን ከግራ ወደ ቀኝ ሽቅብ ይወጣል። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። ያንን መስመር አውቀዋለሁ። ልጅ ሆኜ ሳሎናችን ውስጥ በየዓመቱ ትንሽ ትንሽ እያለ ሲወጣ አይቼዋለሁ። በጣቱ የሠራው አባቴ ነበር።

ያኔ የምንኖረው ዋይት ሴንተር በሚባል ሰፈር፣ ክረምት ከበጋ ምንጣፉ እርጥብ እርጥብ በሚሸት የኪራይ ቤት ውስጥ ነው። አውሮፕላኖቹ በጣሪያችን ላይ ዝቅ ብለው ሲያልፉ መስኮቱ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እናቴ ወሬዋን ከመሃል አቁማ አውሮፕላኑን ታሳልፍና ካቆመችበት ቃል ትቀጥላለች። አባቴ እነዚያን አውሮፕላኖች አንድ ባንድ የሚያውቃቸው ይመስለኝ ነበር። ሥራው ኤርፖርት ሻንጣ መጫን ነው፤ ሞተራቸው እየጮኸ ከሥራቸው ቆሞ ይውላል። የጆሮ መከላከያ ይሰጡታል፣ ነገር ግን ጓደኛው የሚጮኽለትን ለመስማት አንዱን ጎን ገለጥ አድርጎ ነበር የሚሠራው። ቤት ሲገባ ጃኬቱ ነዳጅ ነዳጅ ይሸታል፤ እኔ እስከ ስምንት ዓመቴ የአባት ሁሉ ሽታ እንደዚያ ነው ብዬ አምን ነበር። ወላጆቹ ከኤርትራ የመጡ፣ እሱ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ነው፤ ስለዚህ ቤታችን ውስጥ ወሬው በአማርኛ፣ ቁጣው በትግርኛ ነበር።

ይህ ሰው አንድ ቅምጥል ነገር ቢኖረው ስቴሪዮው ነው። አምፕሊፋየሩ፣ የካሴት ማጫወቻው፣ እስከ ደረቴ የሚደርሱ ሁለት ስፒከሮች፤ ሁሉም ሌላ ሰው ተጠቅሞባቸው የተሸጡ፣ ሁሉም በየሳምንቱ በእርጥብ ጨርቅ የሚወለወሉ። ቅዳሜ ከሥራ በዘጠኝ ሰዓት ይመለሳል፣ ይታጠባል፣ ካሴት ይከታል፣ ቡናማው ወንበሩ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ በኋላ ቤቱ ቢቃጠል እንኳ ዘፈኑ ሲያልቅ ነው የሚነገረው።

ዘጠኝ ዓመት ሲሆነኝ ይመስለኛል፣ አንድ ቅዳሜ ከአሮጌ ዕቃ መሸጫ ሱቅ ሰፊና ጠፍጣፋ ጥቁር ሣጥን ታቅፎ ገባ። ፊቱ ላይ ወደ ላይና ወደ ታች የሚንሸራተቱ አሥር ትናንሽ ቁልፎች ተደርድረዋል፤ ከእነሱ በላይ አረንጓዴ መብራቶች አሉ፣ ጫፋቸው ቀይ ነው። ኢኳላይዘር ነው አለን። እናቴ ጠጋ ብላ አየችውና «ስቴሪዮው ይዘፍን የለ እንዴ? ይኼ ደግሞ ምን ሊጨምርበት ነው?» አለች። አባቴ አልጨመረም አልቀነሰም፣ «ዘፈኑን ይበልታል» አላት። ወፍራሙን ከቀጭኑ፣ ከበሮውን ከክራሩ ለይቶ፣ የራቀውን ያቀርባል፣ የቀረበውን ያርቃል ማለቱ ነበር።

የአጠቃቀም መመሪያ አልነበረውም። ጀርባው ላይ «ኢን» እና «አውት» የሚሉ ቀዳዳዎች ነበሩ፤ አምፕሊፋየሩም ጀርባ ላይ እንዲሁ «ኢን» እና «አውት»። አባቴ ግራ እንዳይጋባ የወረቀት ፕላስተር እየቆረጠ በአማርኛ «ገቢ»፣ «ወጪ» ብሎ ጽፎ በየገመዱ ላይ ለጠፈ፤ ከዚያ ገቢን ለገቢ፣ ወጪን ለወጪ አጋባቸው። አቻ ለአቻ፣ ከዚህ የተሻለ ጋብቻ ከየት ይመጣል? መብራቱ እንኳ ብልጭ አላለም። ሣጥኑን ሦስት ጊዜ ነቅሎ ሦስት ጊዜ ሰካው፣ በትግርኛም አነጋገረው። በማግስቱ ነው፣ ቤተ ክርስቲያን ቆመን ሳለ፣ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብሎ «ከዚያኛው የወጣው አይደል እንዴ ወደዚህኛው የሚገባው!» ያለኝ። ቅዳሴው ሲያልቅ ሰላምታ እንኳ ሳያበዛ ቤት ገባን፤ የአምፕሊፋየሩን ወጪ ወደ ሣጥኑ ገቢ፣ የሣጥኑን ወጪ ወደ አምፕሊፋየሩ ገቢ ሲያደርገው መብራቶቹ ከዘፈኑ ጋር እየዘለሉ መጨፈር ጀመሩ።

መብራቱ ይጨፍራል፣ ቁልፎቹን ከፍ ዝቅ ስናደርግ እሱም ከፍ ዝቅ ይላል፤ ድምፁ ግን ያው ድምፅ ነው። ሁለት ሳምንት ሙሉ በመብራቱ ተታለልን። አባቴ «አሁን ለውጥ አለው፣ አይደል?» ይለኛል፣ እኔም እንዳላሳዝነው «አዎ፣ ትንሽ» እለዋለሁ። በኋላ አምፕሊፋየሩ ፊት ላይ ተነክታ የማታውቅ ትንሽ ቁልፍ አየ፤ «ቴፕ ሞኒተር» ይላል። ጽሑፉን ሲያነብ ሳቁ አመለጠው።

ሞኒተር ማን እንደሆነ ያኔ ነው የነገረኝ። እሱ በተማረበት ትምህርት ቤት አስተማሪው ሲወጣ ፊት የሚቆም፣ ወረቀትና እርሳስ ይዞ የረባሾችን ስም የሚጽፍ ተማሪ ነው። ሞኒተር ከሌለ ክፍሉ ገበያ ነው፤ ሞኒተር ሲቆም ሁሉም ሰው በየቦታው ይቀመጣል። እያሳቀኝ ቁልፏን ጫናት። ጠቅ አለችና ወደ ውስጥ ገባች፤ ድምፁ ባንዴ ተከፈተ። ለካ እሷ ካልተጫነች ዘፈኑ ሣጥኑ ውስጥ ገብቶ መብራቱን ያስጨፍራል እንጂ፣ ሣጥኑ ያስተካከለው ድምፅ ወደ ስፒከሩ አይመለስም። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ስንሰማው የከረምነው ዘፈን ውስጥ ሰምተናቸው የማናውቃቸው ነገሮች ነበሩ፦ ዘፋኙ ከመጀመሩ በፊት የሚስበው ትንፋሽ፣ ጣት ክራሩ ላይ ሲንሸራተት። አባቴ ጣቴን ይዞ ቁልፎቹን አንድ ባንድ አስነካኝ፤ ይቺ የከበሮው ናት፣ ይቺ የሰውየው ደረት ናት፣ ይቺ የመጨረሻዋ የትንፋሹ ናት። ሲያበቃ የተጫነችውን ቁልፍ ማንም ሳያስበው እንዳያነሳት ፕላስተር ለጠፈባትና በእርሳስ ጻፈበት፦ «ሞኒተር። አይነካም።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት እንዴት እንደሄዱ አላውቅም፤ ቁልፎቹ እንዴት እንደሄዱ ግን አውቃለሁ። መጀመሪያ ሁሉም መሃል ላይ ነበሩ። አንድ ዓመት አልፎ የቀኙ የመጨረሻ ቁልፍ ትንሽ ከፍ አለ። ሌላ ዓመት ከጎኑ ያለው ተከተለው። እንደ ሽቅብ መንገድ ከግራ ወደ ቀኝ ተሰለፉ፤ የካሴቱ ሽሽታም፣ ያ ሽሽሽ የሚለው ድምፅ፣ አብሮ አደገ። እናቴ ከማድ ቤት «ቀንሰው፣ ጆሮ ይበሳል!» ትላለች፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል። እኔ በስቴሪዮው ጎን ሳልፍ ቁልፎቹን ወደ ታች አወርዳለሁ፤ ሲመለስ መልሶ ይሰቅላቸዋል። ይህ ጦርነት ለእኔ ጨዋታ ነበር። እሱ እየታገለ የነበረው ከሌላ ነገር ጋር ነው።

አሁን ወደ አንዲት ቃል ልምጣ። አማርኛችን መስማትንና መረዳትን ባንድ ቃል ነው የሚጠራው፤ ቋንቋ የሚያውቅ ሰው ቋንቋውን «ይሰማል» ይባላል። እኔም ዕድሜዬ አሥር ካለፈ ጀምሮ ለዘመድም ለጎረቤትም «አባባ እንግሊዝኛ አይሰማም» እል ነበር። ገንዘብ ተቀባይዋ ስታናግረው ፈገግ ብሎ ወደ እኔ ያያል፤ እኔ እመልስለታለሁ። ትምህርት ቤት ወላጅ ሲጠራ አስተማሪዋ ታወራለች፣ እሱ አፌን አፌን እያየ እኔ አስተረጉማለሁ፤ ስለ ራሴ ጥፋት የማስተረጉመው በጣም አጥሮ ነበር የሚደርሰው። ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ ስመልስለት «ምን አልሽ?» ይለኛል። አልደግምለትም። ለእንግሊዝኛው ሰንፎ ነው፣ ይህን ያህል ዓመት ኖሮ እንዴት አይሰማም እያልኩ «ኔቨር ማይንድ» ብዬው ወደ ክፍሌ እገባለሁ። በሬን ስዘጋው ደግሞ ጠንከር አድርጌ ነው።

አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ ይህን የምለው ምክንያት ይሆነኛል ብዬ አይደለም። አንድ ቅዳሜ እሱ ከሥራ ሳይመለስ ወደ ስቴሪዮው ሄድኩ። ከጓደኛዬ ጋር በስልክ ስናወራ የእሱ ካሴት ሽሽታ እየገባ «ቤታችሁ ዝናብ ይዘንባል እንዴ?» ብላ ስቃብኝ ነበር፤ ያ ውርደት ነበር የሚያቃጥለኝ። ፕላስተሩን በጥፍሬ ቀስ ብዬ ገለጥኩት፣ ሞኒተሩን ጫን ብዬ ለቀቅኩት፣ ጠቅ ብሎ ወደ ውጭ ወጣ። ፕላስተሩን ከላይ መልሼ ለጠፍኩት፤ «አይነካም» የሚለው ጽሑፍ እንደነበረ ነው። ሁለት ሳምንት ያታለለን መብራት ሞኒተሩ ቢጫንም ባይጫንም እንደሚጨፍር አውቅ ነበር። እሱ ራሱ ነው ያስተማረኝ።

በዘጠኝ ሰዓት ገባ፣ ታጠበ፣ ካሴቱን ከተተ፣ ተቀመጠ። እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ አየዋለሁ። ትንሽ ቆይቶ ራሱን ወደ ስፒከሩ ዘንበል አደረገ። ተነስቶ የመጨረሻዋን ቁልፍ ከፍ አደረጋት፣ ተቀመጠ፤ ተነስቶ ሌላዋን ከፍ አደረገ፣ ተቀመጠ። በመጨረሻ አሥሩንም እስከ ላይ ሰቀላቸው፤ መብራቱ ሁሉ ቀይ ሆነ። ወደ ኋላ ዞሮ ገመዶቹን ነካ ነካ አደረገ፣ ፕላስተሩን በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገው፣ አላነሳውም። ከዚያ ከመብራቱ ፊት ተንበርክኮ ለረጅም ጊዜ ሲያየው ቆየ። እኔ ሳቄ እንዳይሰማ አፌን በእጄ ይዤ ነበር። ምን አስጨነቀኝ፣ ብስቅስ እሱ ይሰማኝ ነበር እንዴ?

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከፍቶ አንድ ዘፈን ሳያልቅ ዘጋው። ከዚያ በኋላ አልከፈተውም። በአንድ ቁልፍ አሸነፍኩት ብዬ ለጓደኛዬ አወራሁ፤ ከጊዜ በኋላም ነገሩን ረሳሁት። ሰው የበደለውን ቶሎ ነው የሚረሳው።

ከዚያ ወዲህ አባቴ ዝምተኛና ገር ሰው ሆነ። «ምን አልሽ?» ማለቱን ተወ፤ ሁሉን «እሺ፣ ጎበዝ» ነው። ዩኒቨርሲቲ ገባሁ ስለው «እሺ፣ ጎበዝ»። ላገባ ነው ስለው «እሺ፣ ጎበዝ»። ልጄ ተወልዳ ሆስፒታል ሲመጣ ጨርቋን ገለጥ አድርጌ «ስሟ ፌቨን ነው» አልኩት፤ አፌን አየ፣ እሺ አለ፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ እስኪሞት ድረስ «ቆንጂት» እያለ ጠራት። የአያት ቁልምጫ ነው እያልኩ ደስ ይለኝ ነበር። የሞተው የዛሬ ሦስት ዓመት ነው።

ይህን ሁሉ ወረቀቱን ይዤ፣ መኪናው ውስጥ፣ ቁርጥራጩን እየገጣጠምኩ ካሰብኩ በኋላ ከክሊኒኩ እናቴ ቤት ሄድኩ፤ አሥር ደቂቃ አይሞላም። እናቴ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ወረቀቱን ሰጠኋት። መነጽሯን አድርጋ አየችውና መተኮሻውን ቀና አድርጋ አቆመችው።

«እሱም እንዲህ ያለ ወረቀት ነበረው» አለችኝ።

«መቼ?»

«አንቺ አሥር ዓመትሽ ሳለ። ተደብቆ ነው ቴስት ያደረገው። ሥራ ቦታ ከሰሙ ከአውሮፕላኑ ሥር ያነሱኛል፣ ከዚያ ማን ይቀጥረኛል አለ። ለሰው እንዳልናገር አስማለኝ።»

«ለእኔስ?»

«ለአንቺማ በተለይ።» አይኗን ወደ ሸሚዙ መለሰች። «"ልጄ እንግሊዝኛ አይሰማም ትላለች፤ ትበል። እሱ የስደተኛ ሁሉ ነው። ደንቆሮ ከምትለኝ ይሻለኛል" አለኝ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ? አንቺ በየቤቱ ስታወሪው እሱ ግን ሁሉንም ያውቅ ነበር።»

እንግሊዝኛ ይሰማ ነበር ማለት ነው። የማይሰማው እኔን ነበር።

ከዚያ ሳልጠይቃት ያችን ቅዳሜ ነገረችኝ። ከሥራ ስትመለስ ስቴሪዮው ፊት ወለሉ ላይ ተቀምጦ አገኘችው። ተበላሸ እንዴ ብትለው፣ «ማሽኑ ደህና ነው፣ መብራቱ ይጨፍራል፣ እስከ መጨረሻው ሰቀልኩት። ያለቀው የእኔ ጆሮ ነው» አላት። ሌላ ሐኪም ጋ እንሂድ ብትለው ማሽን ያልመለሰውን ሐኪም አይመልሰውም ብሎ እምቢ አለ። ባሏ ሲያለቅስ ያየችው ያን ቀን ብቻ መሆኑን ነግራኝ መተኮሷን ቀጠለች።

ጋራዡ ውስጥ ስቴሪዮው በአልጋ ልብስ ተጠቅልሎ ከክረምት ጎማዎቹ ጀርባ ተቀምጧል። ሳሎን ድረስ በሦስት ምልልስ አመጣሁት። የማገጣጥመው እኔ ሳልሆን ጽሑፉ ነበር፤ «ወጪ»፣ «ገቢ»፣ የእሱ እጅ፣ እርሳሱ ደብዝዟል ግን ይነበባል። አሥሩ ቁልፎች ያን ቀን በሰቀላቸው ቦታ ላይ ናቸው፣ ማንም አላወረዳቸውም። ማጫወቻው ውስጥ ያው ካሴት አለ። ከፈትኩት። መብራቱ ጨፈረ፣ ዘፈኑ ተራ ዘፈን ሆኖ ወጣ፣ ሩቅ፣ ብርድ ልብስ ለብሶ። እሱ የሰማው የመጨረሻው ዘፈን ይህ ነው።

ፕላስተሩ ደርቆ ስለነበር ገና ስነካው ተላቆ መዳፌ ላይ ወደቀ። ሞኒተሩን ጫንኩት። ጠቅ።

ቤቱ ተሞላ። ሽሽታው፣ ክራሩ፣ ሁሉም ባንዴ። ግን አልበሳኝም። ያ ልጅ ሳለሁ ጆሮዬን ያስይዘኝ የነበረ የድምፅ ስለት ዛሬ ለእኔ ልክ ነው፤ ዘፋኙ ትንፋሹን ሲስብ ሰማሁት፣ ጣቱ ክሩ ላይ ሲሄድ ሰማሁት። አባቴ አላበዛውም ነበር። አንድ ሰው ከሚገባው በላይ አንዲት ነጥብ አልጨመረም። መስማት የሚችልበት መንገድ ነበረው፣ ይኸው አሁንም ይሠራል፣ ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ በአንድ ጣት ርቀት ላይ ተቀምጦ ነበር። ስንቱን ነገርኩት በእነዚያ ዓመታት! የትኛውን ሰማው? አላውቅም። አሁን የሚነግረኝ የለም። ስም የሚጽፍ ሞኒተር ቢኖር ወረቀቱ ላይ የሚገኘው አንድ ስም ነው።

እናቴ ሁለት ጆሮዋን ይዛ ብቅ አለች። መብራቱን አየች፣ ስፒከሮቹን አየች።

«ይሠራል እንዴ? ታዲያ ያኔ ምን ሆኖ ነው?»

«እኔ ነኝ እማዬ» አልኳት።

ዘፈኑ ጮኾ ነበር። እናቴ እጇን ከጆሮዋ ላይ አነሳችና «ምን አልሽ?» አለችኝ።

ተይው ማለት ይቻል ነበር፤ ቃሉ አፌ ውስጥ ነበር። ድምፁን ቀነስኩት፣ አፌን እንድታየው አጠገቧ ሄጄ ቆምኩ፣ ደገምኩላት።